ረዳን በማይክሮፎን የጠራን ዕለት

ማይክሮፎን እፈራለሁ። በሠርግም በእድር ስብሰባም «እማማ፣ እስቲ አንድ ቃል ይበሉ» እያሉ ያንን ጥቁር ነገር ወደ አፌ ሲያስጠጉት እጄን ከሹራቤ ኪስ አላወጣም። ልጆቹ ዓይን አፋርነት ይመስላቸዋል። አይደለም። ስድሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ድምፄን ሳላነሣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። መናገሩ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የሚመልሰው ነው።

ነገሩን ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሳይከሰኝ አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ደሴ ሄጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሰቆጣ በመምህርነት ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት በሰቆጣ እንደ ቀጭኔ ነበረች። ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያታል፤ ለምን እንደምትጠቅም ግን አያውቅም። እኔም ለምን እንደምጠቅም አላውቅም ነበርና የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ ሳላስብ እመልስ ነበር።

የአውራጃው ጸሐፊ ለዘውዱ በዓል ከደሴ ማይክሮፎን አስመጡ። ይዞት የመጣው አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር፤ ስሙን የጠየቀው ስላልነበረ «ባለማይክሮፎኑ» እየተባለ መጥቶ «ባለማይክሮፎኑ» እየተባለ ሄደ። ዕቃው አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ ሣጥን፣ የትየለሌ ሽቦና የመለከት አፍ የሚመስል ድምፅ ማጉያ ነው። ጸሐፊው በበዓሉ ዕለት ንግግር ካደረጉበት በኋላ በቀረው ቀን ምን እንደሚሠሩበት አስቀድመው ጨነቃቸውና አስጠሩኝ።

«መምህርት፣ በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ የትግል ግጥሚያ አለ። ይህን ዕቃ ለትግሉ ምን እናድርገው?»

ዝም ማለት እችል ነበር። በተፈጥሮዬም ዝምተኛ ነኝ። የዚያን ቀን ግን አፌ ራሱን ቻለ።

«ታጋዮቹ ከመግጠማቸው በፊት ይፎክሩበት» አልኩ። «ፉከራውንም በነጥብ እንዳኘው። ማን ከማን እንደሚበልጥ በቁጥር ይታወቅ።»

«የማይፎክርስ?»

«ያልፎከረ አይገጥምም።»

ጸሐፊው በጣም ደስ አላቸው። በደብዳቤ አድርገው ማኅተም መቱበትና ገበያው ውስጥ አስነበቡት። ዳኛዋ እኔው ሆንኩ። ወደ ቤቴ ሄጄ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ ድምፅ ከአሥር፣ ቃል ከአሥር፣ ግርማ ከአሥር። ግርማን ከአሥር እንዴት እንደማወጣው ምንም አላውቅም። መስመሩን ግን በማስመሪያ ስላሰመርኩት ያምር ነበር።

እዚህ ላይ የአገሬን ልማድ ለማያውቅ አንባቢ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ፎካሪ ሁሉ በአባቱ ይፎክራል። «የእገሌ ልጅ!» ሳይል የፎከረ እንዳልፎከረ ነው። አባቱ በሕይወት ካለ ከሰዉ መሃል ሆኖ «አለሁ!» ብሎ ይመልስለታል፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነ እንኳ ሰው ልኮ ያስመልሳል። ሞቶ ከሆነ ሕዝቡ በአንድ አፍ «ነፍሱን ይማር!» ይላል። ከሁለቱ አንዱ ሳይመለስለት የቀረ ፎካሪ እኔ አላየሁም፤ አየሁ የሚልም አልሰማሁም።

ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ሕጉን ሳወጣ ግን ትዝ ያለኝ ማስመሪያዬ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ አከራዬ ልሂድ። እትዬ ትርንጎ ይባላሉ። ባለቤታቸው አቶ ረዳ ከሰባት ዓመት በፊት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር በረሃ ወርደው አልተመለሱም። የተመለሰችው በቅሏቸው ብቻ ናት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ብቻዋን መጥታ በራቸው ላይ ቆመች። አሞሌው እንደተጫነ ነው፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተሰበረ። ጭነቱ የታሰረው በአቶ ረዳ አስተሳሰር ነበር። ግን እትዬ ትርንጎ እንደነገሩኝ ገመዱ አቧራ አልነካውም፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የታሰረ ይመስል ነበር። ከበረሃው እስከ ሰቆጣ ደግሞ የብዙ ቀን መንገድ ነው።

እትዬ ትርንጎ አላለቀሱም። ተዝካርም አላወጡም። «ሬሳ ሳላይ?» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ አይጨምሩም።

የአቶ ረዳ ታናሽ ወንድም አቶ ሞላ ግን በወንድማቸው ሞት ላይ ጽኑ እምነት ነበራቸው። ምክንያቱ ከወንዙ ዳር ያለችው እርሻ ናት። ወንድማማቾቹ ርስት ሲካፈሉ ያችን መሬት ረዳ በሕይወቱ እስካለ አርሶ ይብላት፣ ሲሞት ወደ ሞላ ትመለስ ተባብለው በሽማግሌ ፊት ተማምለዋል። እትዬ ትርንጎና ልጃቸው ኪሮስ የሚበሉት ከእርሷ ነው፤ ሌላ የላቸውም። አቶ ሞላ በየዓመቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ይቀርባሉ፤ ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ «ሞቱን የሚመሰክር ሰው ይምጣ» ብለው ይመልሷቸዋል።

ኪሮስ ደግሞ ታጋይ ነው። ስሙ ከተመዘገበ ቆይቷል።

ደብዳቤው በተነበበ ማግስት አቶ ሞላ እየሳቁ መጡ። ከዚያ በፊት ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ኪሮስ ሊፎክር ነው አሉ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ሊታገል ነው» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ካልፎከረ አይታገልም። ማኅተም አለበት! መምህርት ናት ያወጣችው፤ እግዜር ይስጣት።» ወደ እኔ እጅ ነሡ። «እኔም ከፊት ሆኜ ወንድሜን ነፍሱን ይማር እላለሁ። ድምፄ ትንሽ ናት፤ ግን አንዴ ከተጀመረ ሰዉ ይከተላል። አውራጃው በሙሉ ነፍሱን ይማር ካለ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?»

«ባይፎክርስ?» አልኩ።

«የአባቱን ስም መጥራት ፈራ ይባላል። ምን አለ? ይባል።»

ሲወጡ በሩን በቀስታ ነበር የዘጉት፤ የራሳቸው ቤት ይመስል። እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሥረኛ ክፍል ድረስ ይህን ነው ያስተማሩሽ?»

 

የሆነ ነገር ማድረግ ስለነበረብኝ መላ ፈጠርኩ። ኪሮስ በአባቱ ሳይሆን በእናቱ ይፎክር፤ «የትርንጎ ልጅ!» ይበል። እትዬ ትርንጎ ከሕዝቡ መሃል «አለሁ!» ይበሉ፤ አለቀ። ከዚያ በፊት በእናቱ የፎከረ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። የእኔ ደብዳቤ ግን ፎክር ይላል እንጂ በማን አይልም።

ቅዳሜ ዕለት ኪሮስን ትምህርት ቤት ወስጄ ባዶ ክፍል ውስጥ አቆምኩትና እንደ ማይክሮፎን እንዲይዝ ዘነዘና ሰጠሁት። ኪሮስ ቁመቱ በበሩ አያስገባውም፤ በወር ውስጥ የሚናገረው ግን በደብተር አንድ መስመር አይሞላም። እቤት ውስጥ የሚያወራው እንደ አባቱ በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛ ሲሆንበት የበለጠ ያጥራል።

«በል» አልኩት።

«የትርንጎ ልጅ» አለ ለዘነዘናው፣ ምሥጢር እንደሚነግረው።

«ከፍ አድርገህ!»

«መምህርት፣ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። እርሻው ይቀርልሃል።»

ደግሞ አለው። ደግሞ አለው። በአምስተኛው ድምፁ ተከፈተና ግድግዳው ጮኸ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ለምን ዝም እንዳልን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ መልስ እየጠበቅን ነበር። ኪሮስ የኋላውን አግዳሚ ያያል። እኔም ሳላስበው ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም። ዘነዘናውን ተቀብዬው ወጣን፤ በሩን ስቆልፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ባለማይክሮፎኑ ዕቃውን ሜዳው ላይ ሞከረ። ድምፅ ማጉያውን ግራር ላይ ሰቅሎ አፉን ወደ ተራራው አዞረው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይሰማል?» አለ። ተራራው «ይሰማል… ሰማል…» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ባለማይክሮፎኑም ደስ ብሎት ደጋገመው።

በዚህ መሃል የእትዬ ትርንጎ በቅሎ መጣች። አርጅታለች፤ ከቤት ከወጣች ዓመት አልፏታል። ገመዷን በጥሳ፣ ገበያውን አቋርጣ፣ ቲማቲም ሳትረግጥ፣ ሰው ሳትነካ መጥታ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቆመች። ጆሮዋን አቆመች። ሰውዬው ሲናገር ትሰማለች፤ ዝም ሲልም ትሰማለች። ዕቃውን አጥፍቶ ሽቦውን መጠቅለል ሲጀምርም እንደቆመች ነው፤ ጆሮዋ አልወረደም።

«የማናት ይህች?» አለ ባለማይክሮፎኑ።

«የረዳ» አለ አንዱ።

«ታዲያ መጥቶ አይወስዳትም?»

ሰዉ ሁሉ ወደ መሬት አየ። ሰውዬው የደሴ ሰው ስለሆነ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ሽቦውን መጠቅለል ግን ተወ።

በበዓሉ ቀን ነፋስ አልነበረም። ሰቆጣ ነፋስ የሌለበት ቀን የለም፤ የዚያን ቀን ግን ባንዲራው እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ዋለ። ውሾች እንኳ አልጮሁም። ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ ሰው መጥቶ ሜዳው ጢም ብሏል። እኔ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

የማይክሮፎን ነገር የሰውን ዐመል ያወጣል። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ታጋይ መስቀል መሰለውና ሦስት ጊዜ ተሳልሞት፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ ሳይፎክር ሄዶ ተቀመጠ። ድምፅ ዜሮ፣ ቃል ዜሮ፣ ግርማ አራት ሰጠሁት፤ አሳላሙ ያምር ነበር። ሁለተኛው መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚጮህ ጮኸበትና ከፊት ያሉት ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። ሦስተኛው ባለሥልጣን መስሎት «ጌታዬ፣ እርስዎ ካልከፋዎት የአባተ ልጅ ነኝ» አለው። አራተኛው በኽምጥኛ ሰላምታ ሰጥቶት ደህና ነኝ እስኪለው ጠበቀ፤ ብዙ ጠበቀ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም አባቱን ጠራ፤ ለሁሉም «አለሁ!» ወይም «ነፍሱን ይማር!» ተመለሰለት። ተራራውም እየደገመ ያሰማል፤ አለሁ… ለሁ… ይማር… ማር…

ከዚያ የዝቋላው ደርቤ ተነሣ። ደርቤ ሲታገል መካከለኛ ነው፤ ሲናገር ግን ወደር የለውም። ሌሎቹ ማይክሮፎኑ እንደ ጠብመንጃ የሚተኮስ መስሏቸው ነበር። እርሱ አንሥቶ ያዘው፣ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጮክ ማለቱን ዕቃው እንደሚሠራለት ያወቀ እርሱ ብቻ ነው። በጆሮዬ ሥር የሚያወራ መሰለኝ፤ ኋላ ስጠይቅ እያንዳንዱ ሰው እንደዚያ መስሎታል።

«ዘራፍ» አለ በቀስታ። «ከድንጋይ መሃል የበቀልኩ። ውኃ ሳልጠጣ ያደግሁ። መንገዱን የሚያውቁ ፍየሎች ብቻ ከሆኑበት አገር የመጣሁ። የአያሌው ልጅ!»

«አለሁ!» አሉ አባቱ፤ እንደ በሬ ነበር ድምፃቸው። ሜዳው ነጎደ። ደርቤ እስኪበርድ ጠብቆ ፈገግ አለ።

«ኪሮስ! የት ነህ? ስትጥል ዝም፣ ስትወድቅ ዝም! ሰው እኮ ከሐውልት ጋር የታገለ እየመሰለው ይሸማቀቃል። ዛሬስ አንዴ ጩኽልን፤ ድምፅህን ሳልሰማ ብጥልህ ያሳዝነኛል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ድምፅ ዘጠኝ፣ ቃል ዘጠኝ፣ ግርማ አሥር ጻፍኩ። ከዚያ በላይ ማውጣት የሚቻል አልመሰለኝም።

ኪሮስ ተነሣ። አቶ ሞላ ከፊተኛው ረድፍ ላይ ሆነው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እትዬ ትርንጎ ከሴቶቹ መሃል «አለሁ!» ሊሉ ተዘጋጅተው ቆመዋል። ኪሮስ ማይክሮፎኑን ያዘና ዝም አለ።

መተንፈስ ብቻ ነው የተሰማው። ትልቅ ደረት ነበረውና ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ ተራራው ዘንድ ሄደ። ሄዶም ተመለሰ። ግን ዘግይቶ ተመለሰ። የሌሎቹ ድምፅ ወዲያው ነበር የሚመለሰው፤ የኪሮስ ትንፋሽ የሆነ ቦታ አርፎ የመጣ መሰለ። አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ተወው። ደርቤን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። ብዕሬን አነሣሁ። ድምፅ ዜሮ፣ ቃል ዜሮ አልኩ። ግርማ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዘኝም።

ማጉያው ያፏጭ ጀመር። ኪሮስ እናቱን አየ። አጎቱን አየ። እኔ በከንፈሬ «የትርንጎ፣ የትርንጎ» እያልኩ አሳየሁት። አየኝ፤ ምን እንደምለው እንደገባውም አውቃለሁ። ሃያ ዓመት የሆነው ወንድ፣ አውራጃው ሁሉ እያየው። አፉን ከፈተ።

«የረዳ ልጅ!»

አቶ ሞላ ትንፋሻቸውን ስበው ይጠብቁ ነበር። «ነፍ…» አሉ።

«አለሁ።»

ጩኸት አልነበረም። ሰው ከጓዳ ሆኖ ሲጠራ እንደሚመልሰው ያለ ነው፤ አማርኛው የኽምጥኛ ዜማ ያለው። አንዳንዱ ከማጉያው ነው አለ። አንዳንዱ ከተራራው አለ። እኔ የሰማሁት ከጀርባዬ ነው። ከጀርባዬ ደግሞ የነበረው የትምህርት ቤቱ አጥር ብቻ ነው። ተራራውም ሌላውን ሁሉ ሲደግም የዋለው፣ ይህችን አልደገማትም።

አቶ ሞላ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። የሳቡት ትንፋሽ መውጫ አጣ፤ ጀርባቸውን መታ መታ አድርገው ነው ያስወጡላቸው።

ወደ ባለማይክሮፎኑ ዞርኩ። ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክኳል፤ በአንድ እጁ የባትሪውን ሽቦ ይዟል። ማጉያው ሲያፏጭበት ኪሮስ ከመጮሁ በፊት ነቅሎት ነበር።

ጸሐፊው ለመንግሥት በዓል ሥርዓት ሲሉ «ግጥሚያው ይቀጥል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። ደርቤ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«እኔ ከአንድ ሰው ጋር ልገጥም ነው የመጣሁት» አለ።

«አንድ ነው እኮ፤ ቁጠረው!»

«እርስዎ ይቁጠሩት ጌታዬ። እኔ ሰምቻለሁ።»

ሰዉም ሳይባረክ፣ ሳይሰናበት ተበተነ። በጠራራ ፀሐይ ሰው ልጁን በእጁ እየያዘ ነው የሄደው።

እኔ የተማርኩ ነኝ፤ ምክንያት መፈለግ ነበረብኝ። በመጀመሪያ የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ግን የገደል ማሚቶ የሰጡትን ይመልሳል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። በማግስቱ ጠዋት ባለማይክሮፎኑን ዕቃ ሲጭን አገኘሁት።

«ምናልባት ቀደም ብሎ የደርቤ አባት ያሉትን ‹አለሁ› ዕቃው አስቀምጦት ቢሆንስ?»

«እትዬ፣ ይህ ዕቃ ይጮሃል እንጂ አያስቀምጥም» አለኝ። ማጉያውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ አፉን በገመድ አስሮት ነበር። ዝናብ እንዳይመታው ነው አለ። የዝናብ ወራት አልነበረም።

ቀጥሎ ደርቤን ጠረጠርኩ። ያን ያህል የድምፅ ጌታ የሆነ ሰው ተንኮል አያጣም ብዬ መንገድ ሳይጀምር ደረስኩበት።

«አንተ ነህ አይደል?»

«እኔማ መምህርት፣ እርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«እኔ የወንድ ድምፅ አለኝ?»

«አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ምን ምን እንደሚችል እኔ በምን አውቃለሁ!»

አልቀለደም። ፊቱን አይቻለሁ። ያን ያህል የሚናገር ልጅ ከዚያ በኋላ ለትግል ሰቆጣ አልመጣም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቃል እንድጽፍ እኔን ጠሩኝ፤ በአውራጃው ብዕርና ማስመሪያ ያለኝ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል። አቶ ሞላ ከስተው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆሙ።

«ወንድሜ አለ» አሉ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርሻውን አልፈልግም፤ በዚያም አላልፍም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው አያይም፤ በቀረችው አቶ ሞላን አተኩረው አዩአቸው። «መልካም» አሉ። «እንግዲህ ትርንጎም ያለችው ይህንኑ ነው። ሰባት ዓመት አለ ስትል ኖራለች። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።»

እትዬ ትርንጎ ተነሡ።

«ሞቷል» አሉ። «ተዝካሩን አወጣለሁ።»

«ቆዩ እንጂ!» አሉ ሽማግሌው። «የቱ ነው አለ የሚል፣ የቱ ነው ሞቷል የሚል? ቦታ ተለዋወጣችሁ? መምህርት፣ አትጻፊ፤ ቆዪ።»

«አለሁ ሲል አልሰማሽም?» አሉ አቶ ሞላ፤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። «ድምፁን ሳታውቂው ቀርተሽ ነው?»

«አውቄዋለሁ። የእርሱ ነው።»

«ታዲያስ?»

እትዬ ትርንጎ የሚሉትን ቀስ ብለው ነበር ያሉት፤ ብዕሬን ይዤ ስለነበር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ረዳ በሕይወቱ ሳለ በአንድ ጥሪ መልሶ አያውቅም። ምሳ ስጠራው ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ነው። ጭነት እያሰረ፣ በቅሎ እያበላ፣ እየሰማኝ ዝም ይላል። ሕያው ሰው ሥራ አለው። ባለፈው ግን ልጁ አንዴ እንደጠራው ወዲያው መለሰ። እንዲህ የሚመልስ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ነው። ተቀምጦ መጠራቱን ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሰባት ዓመት ያስጠበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ከውጭ አህያ ጮኸ፤ ሁላችንም ደነገጥን።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሞላ፣ ሰማህ። ሞቷል ከተባለ በመሐላው መሠረት እርሻው የአንተ ነው።»

«ቢኖር አልወስድም! ቢሞት አልወስድም!» አሉ አቶ ሞላ። «እዚያ እርሻ ላይ ቆሜ አንድ ሰው ቢጠራው እኔ ምን ልሆን ነው? ለኪሮስ ይጻፍ!»

«ጻፊ» አሉኝ።

«የሟች አቶ ረዳ እርሻ ልበል፣ ወይስ የአቶ ረዳ እርሻ?»

ሽማግሌው በአንድ ዓይናቸው ዙሪያቸውን አዩ። «ስሙን ከምትጽፊው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንዙ ዳር ያለችው መሬት በይ።»

እንዲያ አልኩ። እርሻዋ የኪሮስ ሆነች።

ተዝካሩ የወጣው ከወር በኋላ ነው። ዳሱ ግቢው ውስጥ ተጣለ፤ ካህናቱ መጡ፤ ድሆች ተጠሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ስሠራ ነበር፤ ወጥ ማማሰል ስላልሆነልኝ እንጨት እንዳቀብል አደረጉኝ። አቶ ሞላ መጥተዋል፤ ዳሱ ውስጥ ግን አልገባም አሉ። የሕያው ሰው ተዝካር መብላት ነውር ነው አሉና ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጠላው ተዝካር አይደለም ብለው ግን ሦስት ዋንጫ ተቀብለዋል።

ጸሎቱ ሲደርስ ካህኑ ተነሡ። የሟቹን ስም የሚጠሩበት ቦታ ላይ ሲቃረቡ ማንም ምንም ሳይል ነገሩ ሁሉ ቆመ። ዋንጫ የያዘ ዋንጫውን እንደያዘ፣ እንጀራ የቆረሰ እንደቆረሰ ቀረ። ውጭ አቶ ሞላ ከድንጋያቸው ተነሥተው ቆሙ። ካህኑም ያውቃሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ስሙን ጠሩ።

እሳቱ ሲነድ ይሰማኛል። ሌላ ምንም አይሰማም። ካህኑ ጠበቁ። ሁላችንም ጠበቅን። ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቅን አላውቅም፤ ብቻ አጠገቤ ያለው ወጥ ሲያር ሸተተኝና ማንም አላነሣውም።

ማንም አልመለሰም።

እትዬ ትርንጎ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ አንድ ሰው የነገራቸውን እሺ እንደሚሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው እንደ ባለባል ሲለብሱት የኖሩትን ነጠላ አወለቁ። ዘረጉት፤ ገለበጡት፤ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አምጥተው ለበሱት። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።